የእናቶቻችን አንገት፣ የእኛ ክንድ፦ ከንቅሳት እስከ ታቱ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዘን መጥተናል። ሻያችሁን ቅዱና ተረጋግታችሁ አንብቡት። ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ለእናታችሁ አንብቡላት።

በቅርቡ ጳውሎስ ሆስፒታል የተኛ ወንድማችንን ጠይቀን ወጣን። ከዐስር ሶላት በኋላ ስለነበር የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር። ከፊታችን ከወሎ ልጃቸውን ለማሳከም የመጡ አንዲት እናት ቆመዋል። ንፋሱ ሻሻቸውን ገለጥ ሲያደርገው አንገታቸው ላይ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ አረንጓዴ ንቅሳት ታየ። እሳቸው ደንገጥ ብለው በሁለት እጃቸው ሸፈኑት።

"እማማ፣ ምነው ደበቁት? የኔም እናት እኮ አላት" አላቸው ከመካከላችን አንዱ።

"ኧረ ተወኝ ልጄ! ነፍስ ሳላውቅ ያደረጉብኝ ነው። አሁን የልጅ ልጆቼ 'በዚህ ንቅሳት ሶላትሽ አይያዝልሽም' ይሉኛል። ኀምሳ ዓመት የሰገድኩት ሜዳ ቀረ ማለት ነው?"

መልስ አጣን። በዚያው ሰልፍ ላይ ደግሞ አንድ በእኛ ዕድሜ ያለ ወጣት ቆሟል። ክንዱ ከትከሻው እስከ አንጓው ታቱ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሁሉም እንዲያየው አድርጎ ነው የቆመው። ከመንገዱ ማዶ ያለ የውበት ሳሎን መስታወት ላይ ደግሞ "የቅንድብ ታቱ እንሠራለን" የሚል ተለጥፏል።

እሳቸው ደበቁ፣ እሱ ገለጠ፣ ሳሎኑ ይሸጣል። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ነው፤ በመርፌ ተወግቶ ቆዳ ውስጥ የገባ ቀለም። ታዲያ አንዱ ለምን ኀፍረት፣ ሌላው ለምን ኩራት ሆነ? ለእኚያ እናትስ ምን ብለን መመለስ ነበረብን? ታክሲ ውስጥ የጀመርነው ወሬ ወደ መጽሐፍት ወሰደን። ያገኘነውን እነሆ።

▪ አንድ ነገር፣ ሦስት ስም

እናቶቻችን ንቅሳት ይሉታል። ዐረቦች ወሽም ይሉታል። እኛ የከተማ ልጆች ታቱ እንለዋለን። "ታቱ" የሚለው ቃል ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ካፒቴን ኩክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1769 ታሂቲ ደሴት ሲደርሱ ነዋሪዎቹ "ታታው" ሲሉ ሰሙና ቃሉን ወደ አውሮፓ ይዘውት ሄዱ።

ድርጊቱ ግን ከቃሉ እጅግ ይቀድማል። እ.ኤ.አ በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር፣ በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የአንድ ሰው አስከሬን ተገኘ። "ኦትዚ" የሚል ስም ሰጡት። ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን ሰውነቱ ላይ 61 ንቅሳት ተቆጥሯል። ብዙዎቹ ወገቡ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ናቸው። እነዚህ ደግሞ መገጣጠሚያ የሚታመምባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ለሕመም ማስታገሻ የተደረጉ ሊሆኑ ይችላሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ ከግብፅ ገበለይን የተገኙና በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙ ሁለት አስከሬኖች አሉ። እነሱም 5,000 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ በሆነው ምርመራ በወንዱ ክንድ ላይ የኮርማና የበግ መሰል እንስሳ ምስል፣ በሴቷ ትከሻ ላይ ደግሞ የጥምዝ መስመር ንቅሳት ታይቷል።

ስለዚህ "ታቱ ዘመናዊነት ነው" የሚለን ሰው ካለ በትህትና እናርመው። የሰው ልጅ ካረጁ ልማዶች አንዱ ነው።

▪ በአገራችን እንዴት ነበር?

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በትግራይ፣ በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ፣ ንቅሳት በተለይ ሦስት ቦታ ይታያል፦ ግንባር፣ አንገትና ድድ። የግንባሩ መስቀል የክርስቲያን ወገኖቻችን የእምነት መለያ ነው። የአንገቱና የድዱ ግን ሃይማኖት አልለየም። ከወሎ መጥተው አዲስ አበባ የከተሙ ሙስሊም እናቶቻችን አንገትና ድድ ላይም ዛሬ ድረስ እናየዋለን።

አሠራሩን እናቶቻችን እንዲህ ይነግሩናል። ነቃሿ ሴት ናት። ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ ወይም የኩራዝ ጥላሸት ትወስድና በቅጠል ጭማቂ ትበጠብጠዋለች። ከዚያ በእሾህ ወይም አንድ ላይ በታሰሩ መርፌዎች ቆዳውን እየወጋች ጥቁሩን ታስገባለች። ልጅቱን ሁለት ሦስት ሴቶች ይይዟታል። ደሙ ሲደርቅ፣ ቁስሉ ሲሽር፣ ጥቁሩ አረንጓዴ መስሎ ይቀራል። የድዱ የባሰ ያማል ይላሉ፤ ለቀናት ምግብ ማኘክ አይቻልም።

ለምን ይደረግ ነበር? አንደኛው ውበት ነው። የጠቆረ ድድ ጥርስን ነጭ ያስመስላል። አንገት ላይ የተደረደረው መስመር ደግሞ የማይወልቅ፣ የማይሰረቅ ድሪ ነው። አዝማሪውም ዘፋኙም የተነቀሰ አንገትና የተነቀሰ ድድ እያነሳ ቆንጆን ሲያወድስ ኖሯል። ድዷን ያልተነቀሰች ልጅ በእኩዮቿ ዘንድ የጎደላት ነገር እንዳለ ይቆጠር ነበር። ሁለተኛው ጥበቃ ነው፤ ከቡዳ፣ ከሰው ዓይን። ሦስተኛው ሕክምና ነው። ድድ ያጠነክራል፣ መድማትን ያቆማል፣ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎ ይታመን ነበር።

በዚህ በሦስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ።

▪ የእንቅርቱ ነገር

በደጋው የአገራችን ክፍል እንቅርት ብዙ ሰው ያጠቃ ነበር። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን። አንገታችን ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል። በተራራማ አካባቢ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን ይወስደዋል። አፈሩ ሲያጣ እህሉም ያጣል፣ ሰውም ያጣል። ዕጢውም ያለችውን ትንሽ አዮዲን ለመያዝ ሲታገል ያብጣል። እንቅርት ማለት ይኸው ነው።

እናቶቻችን ይህን የሚነግራቸው ሐኪም አልነበራቸውም። ያላቸው እሾህና ጥቀርሻ ነበር። ልጃቸው አንገት ላይ እብጠት እንዳይወጣ ፈርተው አንገቷን ነቀሱት። መድኃኒቱ ግን መርፌው ጫፍ ላይ ሳይሆን ወጥ ውስጥ ነበር። በ2003 ዓ.ም መንግሥት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ፓኬት ላይ "አዮዲን ያለው" የሚለው ጽሑፍ ታሪኩ ይህ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለምን መሰላችሁ? የእናታችንን አንገት ስናይ "ጃሂል ነበሩ" ብለን እንዳንስቅ ነው። ንቅሳቱ በሽታን የሚፈራ ወላጅ ያደረገው፣ ግን ያልሠራ ሙከራ ሊሆን ይችላል። ልማዱ ስህተት ነው ማለት አንድ ነገር ነው። ሰዎቹን መናቅ ሌላ ነገር ነው።

▪ ዐረቦችና ወሽም

እስልምና ከመምጣቱ በፊት የዐረብ ሴቶች እጃቸውን፣ ከንፈራቸውንና ፊታቸውን ይነቀሱ ነበር። መርፌ ይወጋል፣ በላዩ ላይ ኩሕል ወይም ጥላሸት ይነሰነሳል። ከእናቶቻችን አሠራር ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ በሉ። ልማዱ ከመስፋፋቱ የተነሳ በጃሂሊያ ዘመን ከታወቁት ገጣሚዎች አንዱ የሆነው ጠረፋ፣ ፍቅረኛው ትታው የሄደችውን የሰፈር ፍርስራሽ እጅ ላይ ከቀረ የንቅሳት ምልክት ጋር አመሳስሎታል። አድማጩ ወዲያው ካልገባው ገጣሚ እንዲህ አያመሳስልም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሽምን ከለከሉ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው የምትነቅሰዋንም፣ ተነቀሽ ሆና የምትቀርበዋንም ረግመዋል። በኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ዘገባ ላይ ምክንያቱ አብሮ ተጠቅሷል፤ ለውበት ሲባል የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው። በዚያው ሐዲሥ ላይ ቅንድብ መንቀልና ጥርስን ሞርዶ ማራራቅም አብረው ተነስተዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ታሪክ አለ። ኢብኑ መስዑድ ይህን መናገራቸው ከበኒ አሰድ ጎሳ የሆነች ኡሙ የዕቁብ የምትባል ሴት ጆሮ ደረሰ። ቁርኣንን ያነበበች ሴት ናት። ዝም ብላ አልተቀበለችም፤ መጥታ ጠየቀቻቸው። ቁርኣኑን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፣ ይህን ግን አላገኘሁበትም አለቻቸው። እሳቸው አልተቆጧትም። መልእክተኛው የከለከሉትን መተው እንደሚገባ የሚናገረውን የሱረቱል ሐሽር 7ኛ አንቀጽ አስታወሷት። እሷ አሁንም አልለቀቀችም፤ የእርስዎ ባለቤትም ከዚህ አንዳንዱን ታደርግ ይሆናል አለች። ግቢና እይ አሏት። ገባች፣ አየች፣ ምንም አላገኘችም።

አንዲት ሴት ከታላቅ ሰሓባ ፊት ቆማ ማስረጃ ጠየቀች፣ ማስረጃም ተሰጣት። ዛሬ ቲክቶክ ላይ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሰውን ከዲን የሚያስወጡ ወንድሞቻችን ይህን ታሪክ ቢያነቡት ምን አለ እንላለን።

▪ ሐበሻን ያየች የተነቀሰች እጅ

አሁን ወደ ታክሲው ሰልፍ፣ ወደ እኚያ እናት ጥያቄ እንመለስ።

አስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ሁላችንም እናውቃታለን። እናውቃት ዘንድም ይገባል፤ የአገራችን እንግዳ ነበረች። ከባሏ ከጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ ናት። ልጇን ዐብዱላህን የወለደችው እዚሁ ነው። ወደ መዲና የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ በ628 አካባቢ ነው። ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሲሰዋ አቡበክር (ረ.ዐ) አገቧት። አቡበክር ሲሞቱም አካላቸውን ካጠቡት አንዷ እሷ ናት። ከዚያ ዐሊ (ረ.ዐ) አገቧት።

ቀይስ ኢብኑ አቢ ሓዚም የተባሉት ታቢዒይ ከአባታቸው ጋር አቡበክርን ሊጠይቁ መግባታቸውን ይናገራሉ። ያኔ የአስማእን እጅ አዩ። እጇ ንቅሳት ነበረበት።

አስቡት። በኸሊፋው ቤት፣ ሁለት ጊዜ የተሰደደች፣ የሦስት ታላላቅ ሰሓባዎች ባለቤት የሆነች ሴት እጅ ላይ ወሽም። ዑለማዎች ይህን ሲያብራሩ፣ ከክልከላው በፊት የተደረገ ነው፤ ምልክቱ እንዲሁ ቀረ ብለዋል። እጅሽን ካልቆረጥሽ ወይም ቆዳሽን ካልገፈፍሽ ያላት አልነበረም።

ኢማም ነወዊ (እ.ኤ.አ 1233–1277) የሙስሊምን ሶሒሕ ሲያብራሩ ጉዳዩን ዘርዝረውታል። ሕፃን ልጅ ብትነቀስ ኃጢአቱ የነቃሿ እንጂ የልጅቷ አይደለም፤ ያኔ ተጠያቂነት የለባትምና። ዐዋቂ ሆኖ የተነቀሰም ሰው ያለ ጉዳት ማስወገድ ከቻለ ያስወግዳል። ማስወገዱ አካል የሚጎዳ ወይም ጎልቶ የሚታይ ጠባሳ የሚያስከትል ከሆነ ግን አይገደድም፤ ተውባ ይበቃዋል። ስለ ዉዱእ ደግሞ የዘመናችን ዑለማዎች ቀለሙ ከቆዳ በታች ስለሆነ ውኃ ቆዳውን እንዳይነካ አይጋርድም ይላሉ። እንደ ጥፍር ቀለም አይደለም ማለት ነው። ዝርዝሩን በየመስጂዳችሁ ያሉ ኡስታዞችን ጠይቁ።

ለእኚያ እናት ልንላቸው የሚገባው ይህ ነበር፦ "እማማ፣ ነፍስ ሳያውቁ የተደረገብዎ ነገር ኃጢአቱ የእርስዎ አይደለም። ኀምሳ ዓመት የሰገዱትን ሜዳ ቀረ የሚል መጽሐፍ አላገኘንም።" በዚያ ቀን አላልናቸውም። ዛሬ የእናንተን እናት ሆነው ያንብቡልን።

▪ ከአራዳ ወደ ፋራ፣ ከፋራ ወደ አራዳ

ንቅሳት በከተማ እንዴት ወደቀ? እንዴትስ ስሙን ቀይሮ ተመለሰ?

ከተማ ሲሰፋ፣ ትምህርት ቤት ሲበዛ፣ የተነቀሰ አንገት "ከገጠር የመጣች" ማለት ሆነ። አንገታቸውን በሻሽ የሚሸፍኑ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚጋርዱ እናቶችን እያየን ነው ያደግነው። በጤናው በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ በ1987 ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚያስወግድ ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። በኋላም የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር ሆነ። ግርዛትን፣ እንጥል መቁረጥን፣ የወተት ጥርስ ማውጣትን ሲዋጋ ንቅሳትም ስሙ አብሮ ይነሳ ጀመር። ሁሉም በአንድ ያልተቀቀለ ምላጭና መርፌ የሚሠሩ ነበሩና።

በሌላው ዓለም ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ሄደ። እ.ኤ.አ በ1891 ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ ሰው ኒውዮርክ ውስጥ የመነቀሻ ማሽን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሐሳቡን ያገኘው ከኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር ነው። ያኔ ታቱ የመርከበኛና የእስረኛ መለያ ነበር። እያደር ግን ዘፋኙ፣ ኳስ ተጫዋቹ፣ የፊልም ተዋናዩ ተነቀሰው። እኛም በዲሽና በስልክ አየነው። የእናታችንን አንገት ያፈርንበት ዓይናችን የአጥቂውን ክንድ አደነቀ።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ቀለሙ አንድ ነው፣ መርፌውም አንድ ነው። የተለወጠው የሚለብሰው ሰው ክብር ብቻ ነው። ደካማ የመሰለን ሰው ሲያደርገው ኋላ ቀርነት፣ ሀብታም የመሰለን ሰው ሲያደርገው ፋሽን ካልነው ስለ ንቅሳቱ ምንም አላሰብንም ማለት ነው። የምንከተለው ሰውን ነው።

ይህ ለወንዶች ብቻ አይደለም። እህቶቻችን "ታቱማ አልነካም" እያሉ ቅንድባቸውን በየሳሎኑ ይሠራሉ። የቅንድብ ታቱም ሆነ "ማይክሮብሌዲንግ" የሚሉት፣ በመርፌ ወይም በደቃቅ ምላጭ ቆዳ ከፍቶ ቀለም ማስገባት ነው። ከአንድ እስከ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢደበዝዝም አሠራሩ ያው ወሽም ነው። ስሙ ስለተለወጠ ፍርዱም አደጋውም አይለወጥም።

▪ መርፌውና ደሙ

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ። ይህኛው ክፍል ለሃይማኖተኛውም፣ ለሌላውም እኩል ነው።

እ.ኤ.አ በ1961 የኒውዮርክ ከተማ ንቅሳትን ጭራሽ ከለከለች። ምክንያቱ ሃይማኖት አልነበረም፤ የጉበት በሽታ ወረርሽኝ ከመነቀሻ ቤቶች ጋር በመያያዙ ነው። ክልከላው የተነሳው በ1997፣ ከ36 ዓመት በኋላ ነው።

የጉበት ቫይረስ በተለይ "ቢ" እና "ሲ" የሚባሉት በደም ይተላለፋሉ። ሕዝባችን ዓይን ቢጫ ሲሆን "የወፍ በሽታ" ይለዋል፤ የሌሊት ወፍ አመጣችው ይላል። የሌሊት ወፍ የለችበትም። "ቢ" ቫይረስ ከሰውነት ውጪ፣ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ለዓይን የማትታይ የደም ጠብታ መርፌው ላይ፣ ቀለሙ ኩባያ ውስጥ፣ በነቃሹ ጓንት ላይ ልትቀር ትችላለች። መርፌው አዲስ ቢሆን እንኳ ቀለሙ ለሁለት ሰው ከአንድ ኩባያ ከተቀዳ አደጋው አልተወገደም። መሣሪያን በአልኮል መጥረግ ወይም በላይተር መለብለብም አይበቃም። እንደ ሆስፒታል በግፊት በታመቀ እንፋሎት፣ በ121 ዲግሪ፣ ለተወሰነ ጊዜ መቀቀል አለበት።

በአገራችን ነገሩ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ የሰበሰበና እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ ሥራ፣ "ቢ" ቫይረስ ከ100 ሰው በ7ቱ ላይ ገደማ፣ "ሲ" ደግሞ በ3ቱ ላይ ገደማ እንደሚገኝ ገምቷል። ብዙዎቹ መያዛቸውን አያውቁም፤ ሕመሙ ለዓመታት ድምፅ የለውም። ጉበቱ ሲጠነክር፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥር ነው ወደ ሆስፒታል የሚኬደው።

ለ"ቢ" ክትባት አለ። በአገራችን ለሕፃናት በሚሰጠው መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን በልጅነታችን አልተከተብንም። ለ"ሲ" ግን ክትባት የለም። የሚያድን መድኃኒት ቢኖርም ቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል።

አረብ አገር ሄደው ለመሥራት የሚዘጋጁ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ይህን በደንብ ያንብቡ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ከመጓዝ በፊት በሚደረገው የጤና ምርመራ ኤችአይቪና ሁለቱም የጉበት ቫይረሶች ይታያሉ። የተገኘበት ሰው "ብቁ አይደለም" ተብሎ ይመለሳል። ለአንድ ቀን ፎቶ ብለን ያደረግነው ነገር የቤተሰብን ተስፋ ሊዘጋ ይችላል።

ከቫይረሱ ሌላ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ ቴታነስ ሊይዝ ይችላል። በእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ በብዛት ይከሰታል። ጆሮው ሲበሳ ወይም ሲቆረጥ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ቆዳውን በሺህ ቦታ ማስወጋት ምን እንደሚያመጣበት መገመት አይከብድም።

▪ ሂና፣ እንሶስላና "ጥቁር ሂና"

ዲናችን ውበትን አልከለከለም። የሐረርና የወሎ ሙሽሮች እጅና እግራቸውን በሂና ሲያቀሉ ኖረዋል። በደጋውም እናቶቻችን እንሶስላ ቀጥቅጠው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ ሌሊቱን አስረው ያድሩ ነበር። ሁለቱም የላይኛውን ቆዳ ብቻ ያቀልማሉ፤ ቆዳው ሲታደስ ይለቃሉ። መርፌ የለም፣ ደም የለም።

ግን ተጠንቀቁ! ሂና በተፈጥሮው ወደ ቀይ-ቡናማ የሚያደላ ነው። በሠርግ ሰሞን "ጥቁር ሂና" ተብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ቀለም የሚጠቁረው፣ ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ያቆስላል። አንድ ጊዜ አለርጂ ያስያዘው ሰው በኋላ የፀጉር ቀለም በነካ ቁጥር ሊታመም ይችላል። ጥቁር ካዩ ይለፉት።

▪ ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ያላደረግነው አናድርግ። በዲኑም በጤናውም በኩል ምክንያቱን ከላይ ጽፈናል።

ሁለተኛ፣ ያደረገ ወንድም ወይም እህት ካለ ከመስጂድ አይራቅ። "በዚህ ክንዴ እንዴት ሶፍ ላይ እቆማለሁ?" ብለው የቀሩ ልጆች እናውቃለን። የተውባ በር በክንድ ቀለም አይዘጋም። እኛም አጠገባችን ሲቆሙ ክንዳቸውን ትኩር ብለን አንይ። በሰላምታ እንጀምር።

ሦስተኛ፣ ንቅሳት ያለበት ሁሉ፣ እናትም ትሁን ወጣት፣ አንድ ጊዜ የጉበት ቫይረስ ምርመራ ያድርግ። በደም የሚሠራ ቀላል ምርመራ ነው። ነፃ ሆኖ የተገኘ ሰው ስለ "ቢ" ክትባት ሐኪሙን ይጠይቅ። ሦስት ጊዜ የሚሰጥ፣ በ6 ወር የሚያልቅ ነው።

አራተኛ፣ ለማጥፋት ብላችሁ ራሳችሁን አታቃጥሉ። በረኪና፣ የባትሪ አሲድ፣ የጋለ ብረት፣ በጨው መፈግፈግ፣ እነዚህ ሁሉ ንቅሳቱን በባሰ ጠባሳ ከመተካት ሌላ ጥቅም የላቸውም። ትክክለኛው መንገድ የቆዳ ሐኪም ነው። የሌዘር ሕክምና ቀለሙን ይሰባብረዋል፤ ሰውነትም ስብርባሪውን ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይም በጥንቃቄ ካልተሠራ ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ለዚህ ነው ኢማም ነወዊ "ያለ ጉዳት ከተቻለ" ያሉት ዛሬም የሚሠራው።

አምስተኛ፣ ደም ለመለገስ የምትሄዱ ወንድሞች በቅርቡ ተነቅሳችሁ ከሆነ አትደብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከንቅሳት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መቆየትን ይመክራል። አንድ ቃል መደበቅ የሌላን ሰው ሕይወት ያሳጣል።

▪ መዝጊያ

"ነቀሰ" የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ሥራ አለው። ቆዳ ላይ ምልክት ማድረግ አንዱ ነው። ሥጋ ውስጥ የገባ እሾህን በመርፌ ማውጣትም "እሾህ ነቀሰ" ይባላል። እናቶቻችን በልጅነታቸው አንገታቸው ላይ ተወግተዋል። በእርጅናቸው ደግሞ እኛ በቃላችን "ሶላትሽ አይያዝም" ብለን ልባቸውን ወጋነው። የመጀመሪያውን ማውጣት አንችልም። ሁለተኛውን ግን መንቀስ የእኛ ሥራ ነው።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ፣ አንገቷን የምትሸፍን እናት ወይም አያት ካለቻችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። መቼ እንደተነቀሰች፣ ማን እንደያዛት፣ አልቅሳ እንደነበር ጠይቋት። ከዚያ የአስማእ ቢንት ዑመይስን እጅ ታሪክ ንገሯት።

ወላሁ አዕለም። ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ለወዳጆቻችሁ አጋሩት። የእናታችሁን ታሪክም ስሟን ሳትጠቅሱ ላኩልን።